አንቀጽ አምስት፣ እንደ ባለፈው

ዶክተሩን አልረግመውም። እናቴ እርግማን ዞሮ ቤት ይገባል ትላለች፤ ቤቴ የገባው ደግሞ ይበቃኛል። ግን ስሙ በተነሣ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ይኼን አልደብቅም፣ ያበጠው ይፈንዳ።

እኔ የወንጀል ምርመራ ክፍል ጸሐፊ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ደረጃው እንዳለቀ፣ አንድ እግሯ አጥሮ ካርቶን አጣጥፌ የሸጎጥኩላት ጠረጴዛ አለች፤ የኔ ናት። እሷ ላይ ስንት ሌባ፣ ስንት አጭበርባሪ፣ ስንት ነፍሰ ገዳይ ተይቤያለሁ። እጄ ይተይባል፣ ሐሳቤ ግን ቤት ነው፤ ልጄ ፈተናውን እንዴት ሆነ፣ ባሌ የቧንቧ ሠራተኛውን ጠራው ወይስ ዛሬም ረሳው። ጸሐፊ እንዲህ ካልሆነች ታብዳለች።

አንድ ልማድ አለኝ። በጀመርኩ ዓመት አንድ መርማሪ የራሱን ስሕተት በኔ ላይ አላክኮ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አሰጥቶኛል። ከዚያ ወዲህ ኮማንደርም ይሁን ማን፣ የሚነግረኝን መጀመሪያ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፣ ግርጌው ላይ ሳይፈርም ከጠረጴዛዬ ዞር አይልም። ይሥቁብኛል። ስሜን ትተው «እትዬ ፈርሙልኝ» ነው የሚሉኝ። ይሣቁ።

ዶክተሩ የመጣው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። የሥነ ልቦና ሰው ነው። ሥራው ያልተያዘ ወንጀለኛን ከሠራው ሥራ ተነሥቶ መሣል ነው፤ ዕድሜው ይኼን ያህል ነው፣ አግብቷል ወይም አላገባም፣ ንጹሕ ነው ወይም ዝርክርክ ነው፣ ከማን ጋር ይኖራል፣ ሲጠየቅ ምን ይሆናል። ወረቀቱን «የፈጻሚው ገጽታ» እንለዋለን። በወጉ ሲሠራ ጥሩ ነገር ነው፣ አልዋሽም። ከአራት ዓመት በፊት በመስኮት እየገባ ብቸኛ አሮጊቶችን የሚደበድበውን ሰው የያዝነው በዚሁ ወረቀት ነው። ያኔ ዶክተሩ ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቤቱ ዞሯል፤ መስኮቱን በጣቱ ዳስሷል፣ የተደበደቡት ሴቶች አልጋ አጠገብ ቁጭ ብሎ ሰምቷል። መስኮቱ የተፈለቀቀበት ጭረት ከግራ ስለሆነ ሰውየው ግራኝ ነው አለ። ግራኝ ሆኖ ተገኘ። ከእናቱ ጋር ይኖራል አለ። ልንይዘው ስንሄድ በሩን የከፈተችልን እናቱ ናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዶክተሩ ነቢይ ሆነ፣ ነቢይ ደግሞ ጫማው አቧራ አይነካውም።

አሠራሩ እንዲህ ሆነ። እሱ ከኋላዬ እየተንጎራደደ ይናገራል፣ እኔ ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፣ ይፈርማል፣ ይሄዳል። ከዚያ ያለፈውን ገጽታ ኮምፒውተሬ ላይ እከፍትና የተለወጠውን እየተካሁ፣ ያልተለወጠውን እንዳለ እተወዋለሁ። ያልተለወጠውን «እንደ ባለፈው» ይለዋል። መጀመሪያ ላይ እንደ ባለፈው የሚባለው መግቢያውና መዝጊያው ብቻ ነበር። እያደር አንቀጽ ሁለት ተጨመረ። ከዚያ ሦስት። እኔም ሥራ ሲቀልልኝ ለምን ብዬ አልጠየቅኩም፤ እዚህ ላይ እኔም ጥፋተኛ ነኝ፣ ተጽፎ ይያዝልኝ።

ወንድሜ አንድ ነው። በስምንት ዓመት እበልጠዋለሁ። ሥራው የእሳት ማጥፊያ መሙላት ነው፤ ቀዩን ሲሊንደር ትከሻው ላይ አድርጎ በየሱቁ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ይዞራል፣ ግፊቱን ይለካል፣ ሲሊንደሩ አንገት ላይ በተንጠለጠለችው ካርድ ላይ ቀኑን ጽፎ ይፈርማል። የኛንም ኮሪደር ማጥፊያ የሚሞላው እሱ ነው። አላገባም። ከእናታችን ጋር ይኖራል፣ እኔ አግብቼ ወጥቻለሁና፤ እግሯ አልታዘዝ ያላትን ሴት ማን ይጡራት? ማክሰኞና ዓርብ ማታ እሷን የማጠብ ተራ የኔ ይሁን ተባብለን ነበር። ተባብለን ነበር ነው ያልኩት።

በአንድ ወር ውስጥ ሦስት ሱቆች ተቃጠሉ፤ መጀመሪያ የጨርቅ፣ ቀጥሎ የቀለም፣ መጨረሻ የዕቃ ቤት። የሞተ የለም፣ የዕቃ ቤቱ ጥበቃ ግን ሁለት እጁ ተላጠ። ነጋዴው ጮኸ፣ ከላይ በኩል ስልክ ተደወለ፣ ኮማንደሩ ዶክተሩን ጠራው። ለመስኮቱ ሰው ሦስት ሳምንት የፈጀው ዶክተር ለእሳቱ አርባ ደቂቃ በቃው። የተቃጠለው ሱቅ ደጅ እንኳ አልደረሰም።

«አንቀጽ አራት» አለ ከኋላዬ። ጻፍኩ።

«አምስትስ?» አልኩት።

ሰዓቱን አየ። ስብሰባ ነበረበት። «አምስት፣ እንደ ባለፈው።»

ፈረመ፣ ሄደ። እኔም አምስትን እንደ ባለፈው ተውኩት።

አትሜ ሳበቃ ፊደል እንዳልሳት ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ ልማዴ ነው። ቢሮው ውስጥ አምስት ሰው አለን። እያነበብኩ አንቀጽ አምስት ደረስኩ። «ወንድ። ከሠላሳ እስከ አርባ። ያላገባ። ከእናቱ ጋር የሚኖርና ከእናቱ ጥገኝነት ያልተላቀቀ። ንጹሕ፣ ሥርዓት የሚወድ። ንግግር የማያበዛ፣ ሲጠየቅ ዝምታን የሚመርጥ። ግራኝ።» ሣቄ አመለጠኝ። «ኧረ በሞቴ! ይኼማ ቁርጥ የኔ ወንድም!»

ሁሉም ሣቀ። ጥግ ላይ የተቀመጠው መርማሪ፣ ሲሠራ ስለሚያፏጭ ፉጨት የምንለው፣ እሱም ሣቀ። ከዚያ ግን ፉጨቱ ቆመ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የኔ ሲያመልጥ ታውቋል፤ እኔ ነኝ ያላወቅኩት።

ከሰዓት ፉጨት ሻይ ይዞልኝ መጣ። አብረን ስንሠራ አንድም ቀን ሻይ አምጥቶልኝ አያውቅም።

«እትዬ፣ ያ ማጥፊያ የሚሞላው ልጅ አይደል ወንድምዎ?»

«እሱ ነው፣ ምነው?»

«የእውነት ግራኝ ነው?»

እኔ ደግሞ ወሬ አልጠላም። በዝርዝር ነገርኩት! ልጅ ሳለ እናቴ በቀኙ እንዲጽፍ ብላ ግራ እጁን በሻርፕ ከወገቡ ጋር ታስረው እንደነበር፣ እሷ ጓዳ ስትገባ እኔ እየፈታሁለት የቤት ሥራውን እንደሚሠራ፣ ኮቴዋን ስንሰማ መልሼ እንደማስረው። ፉጨት «አይ እናንተ» እያለ ሣቀልኝ። ስኳሩን እያማሰልኩ የወንድሜን እጅ አሳልፌ ሰጠሁት፤ ያውም ለአንድ ብርጭቆ ሻይ። ምላሴን በቆረጠው!

በሁለተኛው ቀን ከሥራው ቦታ አንሥተው አመጡት። ሦስቱም ሱቆች ውስጥ ሳይሆን በሁለቱ ውስጥ፣ ከእሳት የተረፈው ማጥፊያ ካርድ ላይ የእሱ ፊርማ ተገኝቷል አሉ። በሙያው ገብቶ ነው እኮ የፈረመው! ዳቦ ጋጋሪ ዱቄት ነካህ ተብሎ ይታሠራል?

የማረፊያ ክፍሉ እኔ ከምቀመጥበት ሁለት ፎቅ ወርዶ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከእግሬ ሥር ሰው ታስሮ ሻይ ጠጥቻለሁ፤ አንድም ቀን ወርጄ አላውቅም። ወረድኩ። ቀበቶውንና የጫማውን ክር ፈተውበት፣ ሱሪውን በእጁ ይዞ ቆሟል። «እትዬ» አለኝ፣ ፊቱ ፈካ አለ። እንዳየኝ ያበቃ ነው የመሰለው፣ ምስኪን።

እኔስ ምን አልኩት? እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ አይዞህ አላልኩትም። ምን በላህ አላልኩትም። «ማክሰኞ ማታ የት ነበርክ?» አልኩት። የመጨረሻው እሳት ማክሰኞ ማታ ነው የተነሣው።

አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ፣ አንድ ቃል አልመለሰልኝም። እኔ ደግሞ፣ የእናቴ ልጅ፣ የሻርፑን ቋጠሮ ስፈታለት ያደግኩት፣ ያን ጊዜ በጭንቅላቴ ያለፈው ምን መሰላችሁ? «ሲጠየቅ ዝምታን የሚመርጥ።» በገዛ ጣቴ የተየብኩት ወረቀት ተመልሶ ከገዛ ወንድሜ አስፈራኝ።

ለእናቴ ለሥራ ራቅ ያለ ቦታ ሄዷል አልኳት። ደም ግፊት አለባት። «ሳይሰናበተኝ?» አለችኝ። ሦስት ቀን ይኼንኑ ጠየቀችኝ።

ምርመራውን በየቀኑ እሰማለሁ፤ ቃሉ ለትየባ የሚመጣው ማን ጋ ሆነና። የመጀመሪያ ቀን በዝምታ አለፈ፤ ፉጨት «ገጽታው እንዳለው ነው» ብሎ ጻፈ። በሁለተኛው ቀን ወንድሜ ጠረጴዛውን በጡጫ መትቶ ጮኸ፤ ፉጨት «ጭምብሉ ወለቀ» ብሎ ጻፈ። እንግዲህ ፍረዱኝ። ዝም ካለ እሱ ነው፣ ከጮኸም እሱ ነው። ቢያለቅስ ጸጸት ይሉታል፣ ቢሥቅ ልበ ደንዳና። ሰው ምን ቢሆን ነው እሱ አይደለም የሚሉት?

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ገጽታውን ለዓቃቤ ሕግ በሦስት ቅጂ አትሚ ተባልኩ። እያተምኩ ዓይኔ አንዲት ቃል ላይ አረፈ። ግራኝ።

«አንተ» አልኩት ፉጨትን፣ «እሳቱን የለኮሰው ሰው ግራኝ መሆኑን በምን አወቃችሁ?»

ማፏጨቱን ሳያቆም ትከሻውን ነቀነቀ። «ዶክተሩ ያውቃል።»

«በምን ያውቃል? መስኮት አልተፈለቀቀ፣ ሰው አልተመታ። አመድ ነው ያለው። አመዱ ላይ ግራና ቀኝ አለ?»

«እትዬ፣ ወንድምዎ ስለሆነ ነው፤ አይዞዎት...»

ደብተሬን ከመሳቢያ አወጣሁ። ቀኑን አገኘሁት። በራሴ የእጅ ጽሑፍ፦ «አንቀጽ አምስት፣ እንደ ባለፈው።» ግርጌው ላይ የዶክተሩ ፊርማ፣ ጅራቷ ረዘም ያለችው። ወደ ኋላ ገለጥኩ። ያለፈውም ገጽታ አንቀጽ አምስቱ እንደ ባለፈው ነው። ከዚያ በፊት ያለውም። እየገለጥኩ፣ እየገለጥኩ አራት ዓመት ወደ ኋላ ሄድኩ፤ የመስኮቱ ሰውዬ ጋ ደረስኩ። ቃል በቃል። ያላገባ፣ ከእናቱ ጋር፣ ንጹሕ፣ ዝምተኛ፣ ግራኝ። አገር ሙሉ የምንፈልገው ሰው አራት ዓመት ሙሉ ወህኒ ቤት ተቀምጧል፤ እኛ ግን መልኩን ለሌላው ሁሉ እየለጠፍን አለን። በመካከሉ በዚህች አንቀጽ ስንት ሰው ተጠርጥሮ ይሆን?

የዶክተሩን በር ሳላንኳኳ ከፈትኩት። መነጽሩን እየጠረገ ነበር።

«እሳቱን የለኮሰው ሰው ግራኝ መሆኑን በምን አወቁ?»

«ተቀመጪ እስቲ። የባሕርይ ንድፍ ማለት...»

«በምን አወቁ ነው ያልኩት። በጭሱ?»

ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። ፊቱ ሲለዋወጥ አይቻለሁ፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ግን ወዲያው ተስተካከለ። «ይኼማ የትየባ ስሕተት ነው» አለኝ። «ከድሮው ፋይል መጥፋት የነበረበት አንቀጽ ነው። አላጠፋሽውም ማለት ነው።»

ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል! ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ አጮህኩት፣ የመነጽር መጥረጊያው ወደቀ። «ያንብቡ! ይቺ የማን ፊርማ ናት? ይቺስ? ይቺስ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሣቃችሁብኝ ለዚህ ቀን ነው!»

አነበበ። ልክ ነሽ የሚለኝ መሰለኝ። «ቢሆንም» አለኝ፣ «ቢሆንም ይገጥማል እኮ።»

«ይኼ ያደረግኩት ጫማ ለከተማው ግማሽ ሴት ይገጥማል። ሁሏም እኔ ናት?»

«አንቺው ራስሽ አይደለሽ ያልሽው? መዝገቡ ላይ አለ።» መዝገቡን ወደኔ አዞረው። የፉጨት ጽሑፍ ነው፣ ለኔ ለትየባ ሳይሰጠኝ በእጁ የጻፈው፦ «ተጠርጣሪውን የገዛ እህቱ ገጽታውን እንዳነበበች ለይታዋለች።»

ሰው ሁሉ የተናገረውን እንዲፈርምልኝ ስታገል የኖርኩት ሴትዮ፣ የኔው ቃል ያለ ፊርማዬ መዝገብ ገብቷል። «እኔ የታለ የፈረምኩት?» አልኩት።

ኮማንደሩ ጋ ስገባ ሰው ነበር፤ «ይውጣልኝ» አልኩ። ኮማንደሩ ደንግጦ አስወጣው። ደብተሬንና አንቀጽ አምስታቸው አንድ የሆነ አራት ገጽታዎችን ጎን ለጎን ዘርግቼ በጣቴ እያስከተልኩ አስነበብኩት። ክፉ ሰው አይደለም፣ ሰነፍ ነው እንጂ። አንብቦ ሲያበቃ ግንባሩን አሸ፣ ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ አንድ ፖስታ አወጣ። ከእሳት አደጋ ባለሙያዎች ከመጣ ሦስት ቀኑ ነው። አልተከፈተም።

«ገጽታው ከመጣ ወዲህ...» አለና ጨርሶ አልተናገረውም።

ከፈተው። የጨርቁና የቀለሙ ሱቅ እሳት የተነሣው ከመብራት ቆጣሪው ሳጥን ነው ይላል፤ ያረጀ ሽቦ፣ ከአቅሙ በላይ የተጫነበት። የዕቃ ቤቱ ገና አልታወቀም። ሁለቱን የለኮሰ ሰው የለም። የለም! የሌለ ሰው ዕድሜ ነግረውናል፣ የሌለ ሰው እናት ሰጥተውታል፣ የሌለ ሰው በየትኛው እጁ እንደሚጽፍ ነግረውናል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ፤ ኩበቱ ሲጠፋ ወንድሜን ለቀሙት።

«ዛሬ ይውጣ» አለ ኮማንደሩ ስልኩን እያነሣ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እርስዎም ግን፣ እትዬ፣ ቀልድዎን...» አለኝ።

ጨርስ አላልኩትም። የሚጨርሰውን አውቀዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ የንብረት መመለሻው መስኮት ጋ ቆሜ ጠበቅኩት። አወጡት። ጢሙ አድጓል፣ ሸሚዙ ግን እንደ ወትሮው እስከ ላይ ተቆልፏል። ሳጅኑ ቀበቶ፣ ሰዓት፣ የጫማ ክር፣ የቤት ቁልፍ ቆጥሮ አስረከበውና መዝገቡን አዞረለት። «ፈርም።»

እስክሪብቶውን በግራው አነሣ። ሳጅኑን አየ፣ ኮሪደሩን አየ። ከዚያ ወደ ቀኙ አዛወረው። አንደኛ ክፍል እንዳለ ልጅ ምላሱን ነክሶ ይጭር ጀመር፤ ፊደሎቹ ወደ ታች ይንሸራተታሉ።

«በግራህ ፈርም» አልኩት፣ እንባዬ እየመጣ። «አልቋል፣ ማንም አይነካህም።»

ፈርሞ ጨረሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዞሮ አየኝ።

«ጠይቀሽኝ ነበር፣ አልመለስኩልሽም» አለኝ። እንደ ሁልጊዜው እትዬ አላለኝም። «ማክሰኞ ተራው ያንቺ ነበር። ደክሞኛል ብለሽ ደወልሽ። እማዬን ያጠብኳት እኔ ነኝ።»

ትዝ አለኝ። መደወሌ ትዝ አለኝ፣ ሶፋው ላይ ጫማዬን እያወለቅኩ መደወሌ። አልደከመኝም ነበር።

«ታዲያ ለምን ለነሱ አልነገርካቸውም?»

«ነገርኳቸው እንጂ። እናት ለልጇ ትዋሻለች አሉኝ። እንግዲያው እህቴን ጠይቋት፣ የደወለችልኝ እሷ ናት፣ እሷ ታውቃለች አልኳቸው፤ አልጻፉትም።» ቀበቶውን አነሣ፤ አላደረገውም፣ እጁ ላይ ጠቀለለው። «ያን ጊዜ ነው የለየችህ እሷ ናት ብለው ያነበቡልኝ። ጠረጴዛውን የመታሁት ያን ጊዜ ነው።»

የጫማውን ክር ኪሱ ከቶ ደረጃውን ወረደ።